የአባ ዳማ ሶምሶማ

ባለፈው ሳምንት ሱሉልታ ላይ ታክሲያችን ቆመ። ለሠርግ ያጌጡ ፈረሶች አስፋልቱን ሞልተውታል። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም እኔ የፈረሶቹን እግር እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፈቀቅ አለች፤ አልፈርድባትም።

በእኛ አገር ደህና ፈረሰኛ በፈረሱ ስም ይጠራል። አያቴም አባ ዳማ ነበሩ። ዳማ ሲሞትባቸው ግን ቤት ገብተው መስኮት ሥር ተቀመጡ፤ በዚያ ስም ለጠራቸውም መልስ መስጠት ተዉ። ሽማግሌ ቢመክራቸው ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። እኔና የባለሱቁ ልጅ ፉአድ ያኔ አፍላ ጎረምሶች ነበርን፤ ሳናስቃቸው አንቀርም ተባባልን።

ፉአድ እጅ እግራቸው የሚተጣጠፍ የፕላስቲክ ፈረስና ፈረሰኛ ነበሩት። የአክስቴን ካሜራ ተዋስን። ሥራው ቀላል መስሎን ነበር፤ ትንሽ አንቀሳቅሶ ፎቶ ማንሳት፣ ደግሞ ትንሽ፣ ደግሞ ፎቶ። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲያልፉ ፈረሱ ይጋልባል። መስከረም ነው፤ ግቢው አደይ ለብሷል። ፈረሱ አልቆም ሲለን ከመክሰሳችን ጭኮ ቆንጥረን ኮቴው ሥር ለጠፍን። ገብስና ቅቤ ፀሐይ ሲነካው መቼ ይጸናል፤ ፈረሳችን ተንሸራተተ፣ ዶሮዎቹም ግብዣ መሰላቸው።

የደረስንበትን ወስደን ለአያቴ አሳየናቸው። አራቱንም እግር አንድ ላይ ስናነሳ ስለነበር ፈረሱ ዝም ብሎ ይፈናጠራል።

«ኩን ፈርዳ? ይሄ ፈረስ ነው እንቁራሪት?» አሉ። ከዚያ «በሉ ዱላዬን አቀብሉኝ።»

ወጡ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። በወፍራም ጣቶቻቸው የፊቱን ቀኝ ከኋላው ግራ ጋር እያነሱ፣ «ሶምሶማ እንዲህ ነው፤ አትቸኩሉ» ይሉናል። እንዲህ ስንል ዋልን። ፉአድ ካሜራው ላይ እንዳጎነበሰ፣ በዚያ ስም እንደማይጠሩ ረስቶ፣

«አባ ዳማ፣ ጣትዎ ገባብኝ» አለ።

ዞር ብዬ አያቴን አየሁ።

«አቤት? ላውጣት?» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ቪዲዮው ዛሬም ስልኬ ላይ አለ። ፈረሱ ሶምሶማ ሲል አንድ አውራ ጣት ብቅ ብሎ ይጠፋል። ፉአድ ቆርጠን እናውጣው ብሎኝ ነበር፤ እንቢ አልኩት። አያቴ ካረፉ ቆይቷል። ፎቶማ ሞልቷል፤ በሁሉም ላይ ኮስተር ብለው ቆመዋል። ሲጫወቱ የተያዙት በዚያች ጣት ብቻ ነው።