የጾም ማባበያ

ባለፈው ዓርብ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ኦሎምፒያ አካባቢ ምሳ ልንበላ ገባን። ሁዳዴ ነውና አስተናጋጇ በየብርጭቆው የኑግ ጭማቂ ይዛልን መጣች። የታመሰ ኑግ ሽታ አፍንጫዬ ጋ ሲደርስ ከወንበሬ ተነሳሁ። "በቃ እናንተ ብሉ፣ እኔን ትንሽ አሞኛል" ብዬ ወጣሁ። የእኔ ዘመን ሰው ኑግ ሲሸተው ጾም ትዝ ይለዋል። እኔን ግን ወንዝ ነው ትዝ የሚለኝ፤ አዋሽና አባዬ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እማዬ።

የምንኖረው ካዛንቺስ ነበር፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከእኛ ቤት ሆነን "ይማርሽ" የምንልበት፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ የቀበሌ ቤት ውስጥ። አባዬ ቡልጋሪያ ሰፈር ካለ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነበር፤ የተጨረማመተ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ያቃናል። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ዓመት በሁዳዴ እማዬ ከሆስፒታል ስትመለስ የለበሰችው ጋቢ ከእሷ ይከብድ ነበር። ሐኪሙ እንቁላልም ወተትም ሥጋም ትብላ፣ ካልበላች መድኃኒቱ ብቻውን አያቆማትም ብሏል። የንስሐ አባታችን መጥተው ከጾሙ ፈቷት። እሷ ግን እሺ አላለችም፤ ግትርነቷ የታወቀ ነው። አባ ሲጨንቃቸው "እንግዲያው ዓሣ እንኳ ብዪ ልጄ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን" አሏት። እሷም "ዓሣ ከሆነስ የአዋሽ ካርፕ ነው የሚያምረኝ" አለች። ያደገችው ከሞጆ ወዲያ አዋሽ ዳር ነው። አባዬ ሌላ ቃል አልጠበቀም። በዕድሜው መንጠቆ ነክቶ የማያውቅ ሰው በማግስቱ መንጠቆና ናይለን ገመድ ገዝቶ ገባ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የጋራዡን ባለቤት ፔጆ ተውሶ ወጣን። እኔን ያስከተለኝ የሕፃን እጅ ገድ አለው ብሎ ነው። ለማባበያ የያዘው ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀይ የበሬ ሥጋ! ሁዳዴውን ሙሉ ሥጋ ያማረው ሰው፣ ዓሣውንም እንደ ራሱ ያማረው መስሎታል። መንጠቆው ውኃው ውስጥ ብዙም ሳይቆይ ገመዱ ተወጠረ። አባዬ "ያዝኩልሽ ዘርፌ!" እያለ በእማዬ ስም ጮኸ። ሲጎትተው የወጣው ግን አምባዛ ነው፤ ሪዛም፣ ሙልጭልጭ፣ አንድም ቅርፊት የሌለው። ቅርፊት የሌለው ዓሣ እኛ ቤት አይበላም፣ እማዬማ ድስቱንም አታስነካውም። አባዬ ዓሣውን ጥቂት አየውና መልሶ ለቀቀው። ደግሞ ቢሞክርም ሥጋው የሚጠራለት አምባዛ ብቻ ነበር። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ለቀጣዩ እሁድ በሶ በቅቤ ለውሶ ተነሳ፤ ጋራዥ ውስጥ አንዱ ነግሮት ነው። ሊሰናበታት ጎንበስ ሲል እማዬ እጁን አሸተተች።

"ጌታሁን፣ ይሄ ቅቤ ነው?"

"ለእኔ አይደለም፣ ለዓሣው ነው።"

"ዓሣዬን በሁዳዴ ልታስገድፈው ነው?"

ይህን ብላ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ አባዬም የወንዙን ነገር ረስቶ አብሯት ሳቀ። ከዚያ ትራስ አስደግፉኝ ብላ ቁጭ አለችና ታዘን ጀመር። ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ኑግ አመሱ፣ እኔ ወቀጥኩ። ወንድሞቿ ካርፕ የሚያጠምዱት እንዲህ ነበር፤ ካርፕ ደም አይወድም፣ የእህል ልጅ ነው። ኑጉ ዘይቱን አውጥቶ ሲላቆጥ በሶውን ራሷ ጨመረችበትና በዚያ በከሳ እጇ ለወሰችው። "እንዳይጠጥር፣ እንዳይላላም" ትለኛለች። መንጠቆው ላይ የሚቆይ፣ ዓሣው አፍ ውስጥ የሚሟሟ መሆን አለበት። ቤታችን የመድኃኒት ሽታ ጠፍቶለት ኑግ ኑግ አለ።

የዚያን ቀን ካርፕ ያዝን! ወርቅማ ቅርፊቱ ድርድር ያለ፣ ከንፈረ ወፍራም፣ የሰባ ካርፕ። አባዬ ግንባሩን ሳመው፤ የዓሣውን ማለቴ ነው። ማታ እትዬ ብዙነሽ በሽንኩርትና በቲማቲም ሠሩት፣ አባዬ እሾኩን እየለቀመ አጎረሳት። ስትውጥ ሁላችንም ጉሮሮዋን እናይ ነበር። ስትጨርስ እትዬ ብዙነሽ እልል አሉ፣ ጎረቤቱ ምን ተወለደ ብሎ መጣ። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ሄድን። እሷ ትለውሳለች፣ እኛ እናጠምዳለን፣ ማታ ትበላለች። ጉንጯ መለስ ያለ መሰለኝ። ልጅ ነኝና በካርፕ ብዛት የምትድን ነበር የመሰለኝ፤ አባዬም ትልቅ ሰው ሆኖ እንደዚያው ሳያስብ አልቀረም።

ሆሳዕና ዕለት ማባበያው ተለውሶ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ እማዬ ነጠላዬን አምጡልኝ አለች።

"ዛሬ ወንዝ ይቅር። ቂርቆስ ውሰደኝ።"

"ዘርፌ፣ ምን ልትበዪ ነው?"

"ዛሬ ልሂድ ጌታሁን። ባይሆን ለፋሲካ እበላለሁ።"

አባዬ ተቆጣ። በታመመች ጊዜ ሁሉ ሲቆጣት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም አኩርፌ ተከተልኩ። ከቅዳሴው በኋላ ሰው ሁሉ ዘንባባውን እያሰረ ሲወጣ እሷ ንቅንቅ አላለችም። በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ የሚጸለየው አስቀድሞ፣ በሆሳዕና ነው። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። ካህናቱ ሲጸልዩ በአንድ በኩል አባዬን፣ በሌላ በኩል እትዬ ብዙነሽን ተደግፋ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች። ፊቷ ላይ ሥራዋን የጨረሰች ሴት ዕረፍት ነበር። የሳምንቱን ሌላ ቀን ሁሉ ዓሣም ሆነ ምንም በአፏ አልዞረም። ዓርብ ስግደት ላይ ሳለን አረፈች።

ያለ ፍትሐት ቀበርናት። ሰው ወዮ ፍትሐት ሳታገኝ ሲል አባዬ "አግኝታለች። ቆማ አስፈትታለች" አለ። በሆሳዕና እሱ ሲቆጣት፣ እሷ ለራሷ ፍትሐት እየሄደች እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ያሳረረው ይህ ነው። በፋሲካ ጎረቤቱ ሁሉ በየሞሰቡ ምግብ ይዞ መጣ፣ አባዬ ግን ውኃ ብቻ ጠጣ። ወንዝም ተመልሶ አልሄደም። እሱንም ከቀበርኩት ቆይቻለሁ።

ዛሬ ቤታችን የነበረበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ መብራቱ ያምራል፣ አልዋሽም። እትዬ ብዙነሽ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ እልል ቢሉ ምን ተወለደ ብሎ የሚመጣ የለም። ዓሣም ቢሆን በስልክ ካዘዝኩት እሾኩ ወጥቶ በሬ ድረስ ይመጣልኛል። እኔ አሁን እማዬን በዕድሜ አልፌያታለሁ። ያኔ የሚያጎርሳት አባዬ ነበር፣ እሱ ሲደክመው እትዬ ብዙነሽ፣ እሳቸው ሲሄዱ የመጣ እንግዳ። እኔ ልጅ ነበርኩና ተራ አልደረሰኝም። አንድ ጉርሻ እንኳ በእጄ ሳላጎርሳት ነው የሄደችው።