የፎቁ ጥግ ንፋስ

ዛሬ በቆሎ ጠባሿን ከንፋስ አድናለሁ ብዬ የንፋሱ አፍ ውስጥ አስቀመጥኳት። ምክር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ መምከር የጀመርኩት ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ነው።

ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ቤቴ አጠገብ፣ ረጅም ፎቅ ተሠርቷል። ሴትዮዋ ፎቁ ሳይኖር ጀምሮ እዚያው መንገድ ዳር በቆሎ ትጠብሳለች፤ ሦስት ልጆች የምታስተምረው በዚያች ምድጃ ነው። ፎቁ ካለቀ ወዲህ ግን ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ንፋስ ሲነሳ የከሰሏ ፍንጣሪ ይበር ጀመር። ከፎቁ ሥር ደግሞ ቀሚሶቹን ደጅ የሚሰቅል የልብስ ሱቅ አለ። የፎቁ ጥበቃ ትናንት፣ “አንድ ፍንጣሪ ብቻ ልይ፣ ከዚህ ሰፈር ትነሻለሽ” ብሏታል።

ሠላሳ ዓመት የሲሚንቶ መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ሲሚንቶ የቆጠረ ሁሉ ሕንፃ የሚያውቅ መስሎኝ፣ “ልጄ፣ ይሄን የሚያህል ግድግዳ እያለ ሜዳ ላይ ምን አስቀመጠሽ? ጥጉ ጋ ተጠጊ፤ ፎቁ ይከልልሻል” አልኳት።

“እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?”

“ስንት ፎቅ አይቻለሁ!” አየሁ አልኩ እንጂ ሠራሁ አላልኩም።

ምድጃውን አንዱን ጎን እሷ፣ አንዱን ጎን እኔ ይዘን ጥጉ ላይ አኖርነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንፋሱ መጣ። መጀመሪያ የኔ ኮፍያ ሄደ። ቀጥሎ አንድ ፍንጣሪ ተነስቶ ቀሚስ ላይ አረፈ። ባለሱቋ በመዳፏ መትታ አጠፋችው፤ ቀሚሱ ተረፈ። ጥበቃው ግን እየሮጠ ደረሰ።

“አልነገርኩሽም? ጭራሽ ተጠግተሽ መጣሽ? ማነው እዚህ ያስቀመጠሽ?”

“እኔው ነኝ” አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

እኔስ? ኮፍያዬን ፍለጋ ጎንበስ አልኩ። ኮፍያው አንድ ባጃጅ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ሲሄድ በደንብ እያየሁ።

“አሁኑኑ ዕቃሽን አንሺ!”

በቆሎዋ እስኪበስል ቆማ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ጣልቃ ገባች። ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ሥራ የምታስተምር መምህርት ናት። “ቆይ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የቦታው ነው” አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “አባባ፣ ከላይ ያለው ንፋስ ፈጣን ነው። ፎቁን ሲመታ መሄጃ ያጣና ግድግዳውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጥጉን ሲዞር ደግሞ ይብስበታል። የውሃ ጎማ ጫፉን በጣት ሲጫኑት ውሃው አይስፈነጠርም?” አለችኝ። ለምን እኔን መርጣ እንደነገረችኝ አልጠየቅኳትም።

ፌስታል ቀድዳ እንጨት ላይ አሰረችና መዞር ጀመረች። ጥጉ ላይ ፌስታሉ ተወጥሮ ጮኸ። ከግድግዳው ሥር ተሽከረከረ። አሥራ አምስት እርምጃ ያህል አልፎ ካለው አሮጌ ቪላ፣ ከቁጥቋጦ አጥሩ ጀርባ ስትደርስ ግን እርጥብ ካልሲ መስሎ ተንጠለጠለ።

“ግንብ ንፋሱን ገፍቶ ይወረውረዋል፤ ቁጥቋጦ እያሳለፈ ያደክመዋል።”

ጥበቃው እንጨቱን ነጥቋት ራሱ መዞር ጀመረ። የገዛ ወንበሩ ጋ ሲደርስ ፌስታሉ ፊቱን በጥፊ መታው። “ለካ ወገቤን የጨረሰኝ ይሄ ነው!” ብሎ ወንበሩን አንስቶ ወደ አጥሩ ሄደ። የቪላው ባለቤት፣ የበቆሎ ጠባሿ የቆየ ደንበኛ፣ ከቁጥቋጦው በላይ አንገታቸውን አውጥተው፣ “በቆሎው ደጄ ድረስ ከመጣልኝ ምን ከፋኝ!” አሉ።

ጥበቃው ምድጃውን አየ፣ ፌስታሉን አየ። “እዚህ ከሆነ ተቀመጪ፤ እኔም እሞቃለሁ።”

ምድጃውን ወደ አጥሩ ጀርባ አዛወርነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥጉ ያፏጫል፤ እዚህ ግን አመዱ እንኳ አልተነሳም። ጠባሿን እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በደንብ የበሰለውን መርጣ፣ “ይብሉ ጋሼ፣ ደክመዋል” አለችኝ።

ጥበቃው አጠገቤ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። “አየህ አባት፣ ይቺ ሴትዮ ቅድም ሰው ብትሰማ ኖሮ...”

አፌ በበቆሎ ሞልቶ ነበር፤ እኔም አብሬው ነቀነቅኩ። እሷ ዓይኗን ከከሰሉ ላይ አላነሳችም።

በቆሎው ካለቀ ቆይቷል። “ጥጉን የመረጥኩት እኔ ነኝ” የምትለዋ ቃል፣ እሷ ባለችበት ለጥበቃው ያልነገርኳት፣ ዕዳ ሆናብኝ ቀርታለች። ልነግረው ተመልሼ ስሄድ የማታው ጥበቃ ተተክቶ ነበር። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግን ተረኛው የቀኑ ጥበቃ ነው።