ፉጨቴን የበላው ስኳር

ወደብ ላይ ጭነት ተቆጣጣሪ ሳለሁ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮቻችንን የምጠራው በፉጨት ነበር። ክሬኑ ሲያጓራ የሰው ድምፅ የት ይሰማል? የታች ከንፈሬን ከፊት ጥርሶቼ ሥር ወሸቅ አድርጌ ስለቀው፣ ሰልፉ ጫፍ ላይ ያንቀላፋው እንኳ ብድግ ይላል። መልክ ሲታደል ዘግይቼ ደርሼ መሰለኝ፣ የተረፈኝ ፉጨት ብቻ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፉጨቴ ለአንዲት ሴት ብቻ ሆነ። ባለቤቴ ዓይኗ ጠፍቷል። ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን በሩን ከውስጥ ቀርቅራ፣ ማራገቢያው እየጮኸባት ጓዳ ትተኛለች። ብጣራ አትሰማም፤ ብደበድብ ለማንም አትከፍትም። ፉጨቴን ስትሰማ ግን ግድግዳውን እየዳሰሰች ትመጣለች። "መጣህ እንዴ፣ ባቡሩ?"

ጥርሶቼ አንድ በአንድ ጥለውኝ ሄዱ። ዘንድሮ በሙቀቱ ወራት ከፊት የቀረችኝ አንዷም ተቦርቡራ ፊቴን አሳበጠችው። የጥርስ ሐኪሟ፣ በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን ሶማሌ፣ በፈረንሳይኛ ጠየቀችኝ፦

"አባባ፣ ምን ይጠጣሉ?"

"የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል። በሻይና በስኳር አሸንፈዋለሁ። ሲሞቀኝ ደግሞ ቀዝቃዛ ለስላሳ።"

"መቼ ነው የማይሞቅዎት?"

ጥርስን የሚያጥበው ምራቅ ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ አፍን ያደርቃል፤ እርስዎ በደረቀ አፍ ላይ ዕድሜ ልክዎን ስኳር ሲያፈሱ ኖሩ፣ አለችኝ። እኔ ሞኙ ጨውን ያሸነፍኩ መስሎኝ!

"ይቺን ተይልኝ፤ የቤቴ ቁልፍ ናት" አልኳት። ሥሯ መግል ቋጥሯል፣ ከቆየች መንጋጋዎን ትበላለች ብላ ነቀለቻት።

ጥጡን ተፍቼ ቤቴ በር ላይ ቆምኩ። ከንፈሬን አሹዬ ነፋሁ፤ የተነፈሰ ጎማ ሆንኩ። ደግሜ ነፋሁ። በሩን በጡጫ ደበደብኩ። ፀሐዩ አናቴን ያፈላዋል።

"ጋሼ፣ ቁልፍ ጠፋብዎት?" አለች ጎረቤቴ።

"ዛሬ ተነቀለች።"

በመጨረሻ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው ዝም አለ። ያኔ ስሟን ጠራሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እሱ ያፏጫል" አለች ከበሩ ወዲያ።

"ያፏጭ ነበር፣ አንቺ።"

ብዙ ቆይታ ከፈተች። ጣቷን አፌ ውስጥ ከትታ ባዶውን ዳሰሰች። እንደምትስቅብኝ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም።

አሁን ስወጣ ማራገቢያውን ታጠፋዋለች። ስመለስ በሩ ሥር ተቀምጣ፣ ቀሚሷ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ አገኛታለሁ። እርምጃዬን ልትሰማ ነው። እኔም መውጣት ቀነስኩ።