እንቁላሉን ለሮብ ያደረግኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ በኛ አካባቢ ሐሙስ ገበያ ነው። ሦስተኛ ክፍልን ስም ስጠራ ግን አንድም የቀረ ልጅ የለም። አላመንኩም፣ ደግሜ ጠራሁ።

የማስተምረው ከጅጋ በእግር አንድ ሰዓት በሚርቅ ትምህርት ቤት ነው። ዘንድሮ ከወላጆች ጋር ደንብ አወጣን፤ ተማሪው ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን የተቀቀለ እንቁላል ከቤቱ ይዞ መጥቶ እዚሁ ይበላል። ቀኑን ምረጥ ሲሉኝ ሮብ አልኩ።

የቄስ ልጅ ነኝ ደግሞ።

ወላጆቹ አክብረውኝ ነው መሰለኝ ዝም አሉ። ትናንት የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ማንም እንቁላል ይዞ አልመጣም። የሻረግ የምትባል ተማሪዬ ቀስ ብላ፣ "ቲቸር፣ ዛሬ እኮ ጾም ነው" አለችኝ።

አፍሬ "እንግዲያው ነገ" አልኩ፤ ገበያ መሆኑን ረስቼ። በገበያ ቀን ግማሹ ክፍል ከእናቱ ጋር ሸክም ላይ ነው። የሻረግ ሐሙስን ተምራ አታውቅም።

ዛሬ እንቁላሏን በእረፍት ሰዓት በላች። ትሄዳለች ስል እስከ መጨረሻው ደወል ተማረች።

ማታ እናቷ ከገበያ ሲመለሱ ቤቴ በር ላይ አገኙኝ። "መምህር፣ የሚመጣው ሳምንትም እንቁላሉ ሐሙስ ነው አይደል?" አሉኝ።

እናንተስ፣ ተሳስታችሁ የተሳካላችሁ ነገር አለ? እስኪ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልፈር።