የሁለቱ መምህራን ትርጓሜ

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተርን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዩፒኤስ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ትከሻዬ ይኮማተራል። ድምፁ ደብረ ማርቆስ ወደነበረችው ጠባብ የጽሕፈት ክፍል፣ የሞቀ አቧራ ወደሚሸተው ኮምፒውተር ይመልሰኛል።

ኮሌጅ እንደጨረስኩ ለሁለት የቅኔ መምህራን እጽፍ ነበር። የኔታ ከዲማ፣ መሪጌታ ከደብረ ኤልያስ ይመጡ ነበር። የሟች መምህራቸውን ቅኔዎች ከነትርጓሜያቸው ሊያሳትሙ ተስማምተው፣ በየተራ እየመጡ ይነግሩኛል፤ እኔ እተይባለሁ።

አንደኛው ቅኔ ላይ ግን ተጣሉ። መምህራቸው «ብርሃኔ ሄደ» ያሉበት ቅኔ ነው። የኔታ ዓይናቸው የጠፋውን መምህር እስኪሞቱ እየመሩ የኖሩ ናቸውና «ብርሃን ያሉት ዓይናቸውን ነው» ብለው አስጻፉኝ። መሪጌታ በወጣትነታቸው የመምህራቸውን ጉባኤ ጥለው የሄዱ ናቸው፤ እሳቸው «ጥሏቸው የሄደውን ተማሪ ነው» ብለው አሳረሙኝ። የኔታ መጥተው ቃላቸው መጥፋቱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«እንግዲያው ለብቻው ይጨርሰው» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ጊት የሚሉት ፕሮግራም ትዝ አለኝ። በፋይሉ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ ከለዋጩ ስም ጋር ይይዛል፤ አዲሱ ሲገባ የድሮው አይጠፋም። በፍላሽ ይዤው መጣሁና ሁለቱንም ለምኜ አስጠራኋቸው። ከኋላዬ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር ነበር። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ቃል ግን አይለዋወጡም።

ጫንኩት። ሥራውን አስቀምጥ ስለው ግን እምቢ አለ፤ መጀመሪያ ስም ጠየቀ።

«ምን ይላል?» አሉ የኔታ።

«ማን መሆንዎን ይጠይቃል።»

«ከሰው ይሻላል። ሳይጠይቅ አይነካም።»

የኔታ የጠፋውን ትርጓሜ በቃላቸው ደገሙልኝ፤ ጽፌ በስማቸው አስቀመጥኩ። ከዚያ ስሙን ቀይሬ ወደ መሪጌታ ዞርኩ። ገና ሲጀምሩ መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ። ያረጀ ስለነበር ብዙ አይቆይም።

«መሪጌታ፣ ቶሎ ይበሉ።»

«ብርሃን ያሉት... ጥሏቸው የሄደውን ተማሪ ነው...» አሉና ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ጩኸቱ ፈጠነ።

«መምህራችን እስኪሞቱም ስሙን ያነሱ ነበር» አሉ የኔታ ከኋላዬ፣ ቀስ ብለው። «እንደዚያ ብለሽ ጨርሽው። እኔ ነበርኩ አጠገባቸው።»

ጻፍኩት፣ አስቀመጥኩት፣ ስክሪኑ ጨለመ።

ማንም አልተነሣም። መሪጌታ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሲጠርጉ አየሁ። መብራት ተመልሶ ስከፍተው ሁለቱም ትርጓሜዎች በየስማቸው ተቀምጠው ነበር። አመሻሹ ላይ አብረው ወጡ።

መሪጌታ መጽሐፉ ሳይታተም ዐረፉ። ከቀብሩ በኋላ የኔታ ብቻቸውን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«የእሱን ክፈቺልኝ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው።

«የእርስዎንስ ላንብብልዎ?»

«እሱን አውቀዋለሁ። የእሱን ድገሚልኝ።»