ይትባረክ ሳይሰማው የቀረው ቋንቋ

ዛሬ ጠዋት የይትባረክ ወንድም ከጣና ማዶ፣ ከቁንዝላ ደወለልኝ። "ወደ እናንተ ሲመለስ ጀልባዋ ተገልብጣ... ሞቶ አገኘነው" አለኝ። አላመንሁትም። ስልኩን ዘግቼ ለራሱ ለይትባረክ ደወልሁ። ለጊዜው ማግኘት አይቻልም ይላል። ለጊዜው።

እስካሁን እየደወልሁ ነው። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ።

ለማታውቁት፣ ይትባረክ ልጅነቱን ቅኔ ቤት ያሳለፈ፣ በኋላ አብሮኝ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ጓደኛዬ ነው። ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ኮምፒውተር ይጠግናል። "ነበር" ብዬ መጻፍ አቃተኝ።

ኢንተርኔት በተዘጋበት ሰሞን ከጓደኞቻችን ጋር ሱቁ ውስጥ ሥራ ፈትተን ተቀምጠን ሳለ "ኑ፣ የፕሮግራም ቋንቋ እንሥራ" አለን። ሳቅንበት። ያለው መቼ አነሰና?

"የቅኔ ተማሪ ግእዝ የሚገባው የሰው ቅኔ በማንበብ መሰለሽ? የራሱን ቅኔ ፈጥሮ ይቆጥራል፣ ለየኔታ ይነግራል፣ ይታረማል። ኮምፒውተርም ሠርተሽ ካላየሽው አይገባሽም" አለኝ።

ሠራሁ። በመጀመሪያው ቋንቋዬ ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ አራት ብዬ ብጽፍ፣ ዐሥራ አራት ማለት ሲገባው ሃያ አለኝ። ማሽኑን ተራገምሁ። እሱ ሻዩን ፉት እያለ "ምን አጠፋ? የቱ እንደሚቀድም አልነገርሽውም" አለኝ። ኮምፒውተር ከነገሩት ውጭ ምንም እንደማያውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ "የኔታ" እያልን እናበሽቀው ጀመር።

አንድ ክፉ ደንብ ነበረው። ቅኔ አንዴ ከተነገረ አይደገምም ይልና፣ ሰምቶ ካረመ በኋላ "በይ አጥፊው፣ አዲስ አምጪ" ይላል። የራሱንም እንዲሁ ያጠፋል። ስንት ለመንነው፣ አንዱን እንኳ አስቀር ብለን።

ባለፈው ሳምንት አዲሱን ቋንቋዬን ልነግረው ስል ወደ ቤተሰቦቹ ሊሄድ ቸኩሎ ነበር። "ስመለስ እሰማሻለሁ" ብሎኝ ወደ ጀልባው ሄደ።

ወንድሙ ቆይቶ መልሶ ደውሎ "እናታችን 'ልጄ ባሕር ዳር ምን ሠራ? የሠራውን አሳዩኝ' እያለች ነው። ካለ ይዘሽልን ነይ" አለኝ። ሱቁን ከፍተን ኮምፒውተሩን አገላበጥነው። አንድም የለም። ያን ሁሉ ዓመት ሠርቶ፣ ለእናቱ የሚታይ አንድ ነገር የለም። ተናደድሁበት። በሞተ ሰው ይናደዳሉ?

ይትባረክ፣ ያንተን ሁሉ አጠፋህብን። የኔን ግን ሳትሰማው አላጠፋውም። ነገ ለቀብርህ ይዤው እመጣለሁ። ከእናትህ አጠገብ ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ፤ ባይገባትም ትስማው። "ልጅሽ የሠራው ይኼን ነው" እላታለሁ። የሚያርመኝ ሰው ግን ከእንግዲህ የለኝም።

ደህና ሁን፣ የኔታ።