የሐኪሟ አስታማሚ

ከቤቴ የወጣሁት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ጉሙ ከቀርከሃው መሃል ወርዶ ደጃችንን ሸፍኖት ነበር። የምህረት እናት ባቄላና ስንዴ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራ አሸከመችኝና እስከ አጥሩ ሸኘችኝ።

«ልጅቷን ይዘህብኝ እንዳትመጣ» አለች።

«ቢብስባትስ?»

«ቢብስባት አንተ እዚያው ሁን።»

እኔ እኮ ልጅቷን ላመጣት የምሄድ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ተባብለን ተለያየን። ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው የመጨረሻ መኪና ላይ ወጥቼ፣ እዚያ አድሬ፣ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ።

ነገሩ ይኸውላችሁ። ምህረት የመጨረሻ ልጃችን ናት። እዚህ ጉለሌ ባለ ሆስፒታል ኢንተርን ሆና ትሠራለች። ኢንተርን ማለት፣ ለእኔም ከመጣሁ በኋላ ነው የገባኝ፣ ሐኪምም ተማሪም የሆነ ሰው ነው። በሽተኛው «ዶክተር» ይለዋል፣ አለቆቹ ደግሞ ተማሪ ይሉታል። በዲዩቲዋ፣ ማለቴ ሌሊት ተረኛ በሆነችበት ቀን፣ አንዲት ወላድ ደም ፈሷት ሞተች። ምህረት ሲኒየሩን፣ የበላይ ሐኪሟን፣ ጠርታው ነበር፤ እሱ ግን ሌላ በሽተኛ ቀዶ ሕክምና ላይ ነበርና ሲደርስ ሴትየዋ አልፋለች። ሲነጋ «ሞርኒንግ» የሚሉት ስብሰባ አለ። ሌሊት የሠራ ሰው በሐኪሞች ሁሉ ፊት ቆሞ የሠራውን ይናገራል፣ ይጠየቃልም። ልጄ ቆማ ስትጠየቅ የምታውቀው ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ጋዋኗን አውልቃ ወንበር ላይ ጥላው ወጣች።

ለእኛም ደወለችልን። ሰኞ ካልተመለሰች ዓመቱን ትደግማለች ተብሏል። እሷ ግን «አልመለስም፣ አልደግምምም፣ አገሬ ገብቼ ከእማ ጋር እንሰት እፍቃለሁ» አለች።

የምህረት ቤት ቀጨኔ ነው፣ ዳገቱ ላይ። ቅዝቃዜው አገሬን አስታወሰኝ፤ ጉሙ ግን የእኛ ጉም አይደለም፣ ጭስ ጭስ ይላል። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ ከረጢት የተሸከመ ሰውና ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው አብረው አያልፉም። አንዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እኛ ዘንድ ሰው ሲተላለፍ ቆሞ የከብቱን ጤና ሳይቀር ይጠይቃል። እዚህ «ይለፉ አባት» ይሉና በቃ፣ ይሄዳሉ። ክፋት መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳየው ዳገቱ ትንፋሽ ስለሚነሳቸው ነው።

አከራይዋ ወይዘሮ ዘነበች በር ላይ ተቀበሉኝ። ከረጢቱን ነው መጀመሪያ ያዩት።

«እኔ ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው።»

«እኔ አባቷ ነኝ።»

«አባት ውሃ አይጠጣም? ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው አቶ ሻንቆ። ሽንት ቤትስ አይገባም?»

«ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ቶሎ ቶሎ እገባለሁ» አልኳቸው።

ሳቃቸው መጣና ዋጡት። «እንግዲያው ወረዳ ሄደን እናስመዘግብዎ። ሳይመዘገቡ ቢገኙ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ወደ ወረዳው ከመሄዴ በፊት ግን ልጄን አየኋት። አልጋዋ ላይ ከነጫማዋ ተቀምጣለች። እንዴት እንደከሳች አልነግራችሁም፣ እናቷ ይህን ታነበዋለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት።

«እናንተ ዘንድ ሰው ሲሞት የት ትቀመጣላችሁ?»

«አንቀመጥም አባባ። ቀጥሎ ያለው አልጋ አለ።»

«ታዲያ የምታለቅሱት መቼ ነው?»

«ሽንት ቤት ገብተን።»

በእኛ መንደር የሟችን እጅ ይዞ የነበረ ሰው፣ ዘመድም ባይሆን፣ ሐዘንተኛ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይቀርብለታል፣ መጪው ሁሉ «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል። ምህረት የሴትየዋን እጅ ይዛ ነበር። አንድ ሰው እንኳ እግዜር ያጽናሽ አላላትም። ይሄ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ሊገባኝ ስላልቻለ ደጋግሜ ጠየቅኳት። የተማሩት ነገር ብዙ ነው፤ ደም የሚቆምበት መንገድ፣ ልብ የሚደመጥበት መሣሪያ፣ ሁሉን አስረዳችኝ። ይሄኛውን ግን የሚያስተምራቸው የለም።

ወረዳው መስኮት ላይ አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል።

«አባት፣ የመጡበት ምክንያት?»

«ለለቅሶ ነው።»

«ነፍስ ይማር። ሟች ማን ነው?»

«አንዲት ሴት ናት።»

«ምንዎ ናት?»

«ምኔም አይደለችም።»

«ስሟስ?»

«የበሽተኛ ስም አይነገርም አለችኝ ልጄ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ዘመድዎ ላልሆነች፣ ስሟን እንኳ ለማያውቋት ሴት፣ ከጋሞ ድረስ ለቅሶ መጡ?»

«ልጄ አጠገቧ ነበረች።»

«አባት፣ እዚህ ያለኝ ሥራ፣ ትምህርት ወይም ሕክምና ነው። ለቅሶ የሚባል የለም።»

ወይዘሮ ዘነበች ከኋላዬ ሆነው «ሕክምና በልና ገላግለን፣ ሰልፉን አታይም?» አሉት። ሕክምና ብሎ ጻፈ። ወጥተን ስንሄድ ሳስበው ውሸት አልሆነብኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ድስት ከወይዘሮ ዘነበች ተዋስኩና ባቄላውንና ስንዴውን ቀቀልኩ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ሰሌን ግቢው ላይ አነጠፍኩ። ምህረትን «ነጠላሽን ልበሺና ነይ፣ ተቀመጪ» አልኳት።

«አባባ፣ ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅብን። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያላሰብኩት ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአዲስ አበባ ሰሌን ተነጥፎ፣ ንፍሮ ቀርቦ፣ ልጅ ነጠላ ተከናንባ ከታየች ሰው አይጠይቅም፣ ይገባል። ከጎን ያለችው ጎረቤት ገባች። የእድሩ ጸሐፊ ነኝ ያሉ ሽማግሌ ገቡ። ወይዘሮ ዘነበችማ ከገበያ ሲመለሱ ገና ከበሩ «ወየው» ብለው እያለቀሱ ገቡ። አልቅሰው አልቅሰው፣ አይናቸውን ጠርገው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?»

«እኔም አላውቃትም ወይዘሮ ዘነበች።»

«አላውቃትም ማለት?»

«ምህረት ታክማት የነበረች ሴት ናት። ስሟ አይነገርም።»

«ታዲያ እኔ ለማን ነው ያለቀስኩት?»

የእድሩ ጸሐፊ ሰሙና ንፍሯቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። እድሩ ለማይታወቅ ሟች ደንብ እንደሌለው በለሆሳስ ነገሩኝ። ወይዘሮ ዘነበች ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ የግቢው በር ተንኳኳ።

አንድ ቀጭን ልጅ ገባ። ናሆም ይባላል፣ ከምህረት ጋር የሚሠራ ኢንተርን ነው። ከዲዩቲ እንደወጣ አይኑ ይናገራል።

የተባለውን ከበር ሰምቶ ኖሮ «አባባ፣ ንፍሮው ለእኛ በሽተኞች ከሆነ በየሳምንቱ ሊቀቅሉ ነው» አለኝ። ከዚያ ወደ ምህረት ዞረ። «ዶክተር ሰብለ ናት የላከችኝ። ሰኞ ሞርኒንግ ላይ አጠገብሽ እቆማለሁ ብላለች። ሜንተርሽ ሆናለች።»

«ሜንተር ምንድን ነው?» አልኩት።

«እንደ ክርስትና እናት ነው አባባ። ስልክ የማታነሳ የክርስትና እናት።»

«ይህቺኛዋስ?»

«ይህቺ ራሷ ናት የደወለችው። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሲኒየር ይመደብ ተብሏል፣ አዲስ ነገር ነው። እናያለን።»

ምህረት ቀና አላለችም። ናሆም ጫማውን አውልቆ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። ንፍሮ በእፍኙ ዘገነ፣ አልበላውም። ማንም ሳይጠይቀው፣ «እኔ የሞተብኝ ሕፃን ነበር» አለ። «ባለፈው ወር። ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር። እናትየዋ ተኝቷል ወይ ስትለኝ አዎ ብያት ወጣሁ። አዎ ብያት።»

ምህረት ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችው። «አልነገርከኝም» አለች።

«አንቺስ ነግረሽኛል?»

ለማን እንዳለቀሱ ሲጠይቁ የነበሩት ወይዘሮ ዘነበች ተነሱ። ሄደው የናሆምን ትከሻ ያዙና «እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉት። ዞረው ለምህረትም አሏት። ልጄ በአገራችን ወግ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። የእድሩ ጸሐፊም እጃቸው ላይ የቀረውን ንፍሮ በሉ። እስኪመሽ ማንም አልተነሳም።

እሁድ ምህረት ተኛች፤ ቀን ሙሉ፣ ላብ እስኪያጠምቃት። እኔ ወደ ሽሮ ሜዳ ወርጄ የአገሬ ልጆች ሸማ የሚሠሩበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ቋንቋዬን ስሰማ ገብቼ ሰላም አልኳቸው። ቆጮ አለኝ ያለኝ ሰው ነበር፤ ቀመስኩት፣ ከተማ የገባ ቆጮ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጋዋን ከናሆም ተዋሰች። ትሄዳለች ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፣ አብሬያት ወጣሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ደግሞ ቢጠፋኝስ?»

«ከጠፋሽ ጠፋኝ በያቸው።»

ገባች። ልከተላት ስል ጥበቃው እጁን ዘረጋብኝ።

«አባቴ፣ የአስታማሚ ካርድ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ማንን ነው የሚያስታምሙት?»

«ሐኪሟን።»

«የትኛው አልጋ?»

«አልጋ የላትም፣ ቆማ ነው የምትውለው።»

ትንሽ አየኝ። «እንግዲያው ውጭ ሆነው ያስታምሟት» ብሎ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አሳየኝ። ተቀመጥኩ። ሞርኒንጉ አልቆ ሰው መውጣትና መግባት ሲጀምር ናሆም ለአፍታ ብቅ አለ። ተጠየቀች፣ አንዳንዱን መለሰች፣ አንዱ ጠፋት፣ «ጠፋኝ» አለች። ዶክተር ሰብለ አጠገቧ ነበረች። አሁን ወደ ዋርድ፣ በሽተኞቹ ወዳሉበት፣ ገብታለች አለኝ። ከዚያ ደግሞ እንደማፈር ብሎ፣ «ቅዳሜ ሌሎችም እንምጣ ይላሉ አባባ። እርስዎ ይኖራሉ አይደል?» አለኝ።

ከመልሴ በፊት ስሙን ጠርተውት ሮጠ።

ለምህረት እናት ደወልኩ።

«ገባች?»

«ገብታለች።»

«ትቆያለች?»

«ዛሬን ገብታለች። ነገን አላውቅም።»

«አንተስ?»

ስለ ቅዳሜው ነገርኳት፣ ልጆቹ ስንት እንደሆኑ እንደማላውቅም ነገርኳት። በወዲያኛው ጫፍ ዶሮ ሲጮህ፣ በሩ ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል። ያ በር እኔ ካላነሳሁት አይገጥምም፤ እንዴት እየዘጋችው ነው የምታድረው ብዬ አሰብኩ።

«እዚያው ሁን ያልኩህ እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ግን ይህን ያህል አላልኩም።»

«በሩን ትንሽ ከፍ አድርገሽ ግፊው» አልኳት። ሒሳቡ አልቆ ስልኩ ራሱ እስኪዘጋ ድረስ ሁለታችንም ጆሯችን ላይ ይዘነው ቆየን።